ቡናው ያሳለ ዕለት

ይህ ነገር መወራት ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ዶርም አብሮኝ ለሚኖረው ልጅ ገና ግማሹን ስነግረው፣ «ታዲያ ምን ሆነ? ገለባ ተቃጠለ፣ ጭስ ወጣ። ገለባ ሲቃጠል ምን ሊወጣ ነበር የጠበቅኸው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ገለባ ተቃጠለ፣ ጭስ ወጣ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ነገር ግን ሰፈራችን ውስጥ እስካሁን ድረስ ሰው ባስነጠሰው ቁጥር ዞር ብሎ እኔን የሚያይ አለ። ስለዚህ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። መሃል ላይ ከሰለቻችሁ ተዉት፤ አልቀየምም። እኔ በቀላሉ አልቀየምም፣ ሰው ማስቀየምም አልወድም። ይህ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ጠባዬ ነው።

ዲላ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤታችን ከጨለለቅቱ ወጣ ብሎ፣ በሞተር ትንሽ ተሄዶ ነው። ከእኔ በፊት ከሰፈራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ግን በሄደበት ስለቀረ ሰዉ የመጀመሪያ አድርጎ የሚቆጥረው እኔን ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ገና የትምህርት ክፍል አልመረጠም። ይህን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። «ምን ትማራለህ?» ሲሉኝ፣ «ሁሉንም ትንሽ ትንሽ» እላለሁ፤ እነሱ ይዘው የሚሄዱት «ሁሉንም» የሚለውን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቤት ስመጣ ጥርሱን የታመመው፣ የድንበር ክርክር ያለበት፣ ሬዲዮው የተበላሸበት በራችን ላይ ይጠብቀኛል። አላውቅም ማለት ስለሚከብደኝ የሁሉንም አያለሁ። የሬዲዮው ሰውዬ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

የዘንድሮው ቡና ለቀማ ሊጀመር ሲል ታዲያ አንድ ወሬ መጣ፤ የቡና ገለባ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ሰፈራችን ሊተከል ነው ተባለ። ወሬውን ተከትሎ ኢንጂነር መጣ፣ ኢንጂነሩን ተከትሎ ችካል መጣ። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ችካል ነው። በመንገዱ ዳር፣ በሜዳው ላይ ሲተከል ሲተከል ቆይቶ አንዱ ከአክስቴ ከአስቴር ጓሮ ገባና እንሰቶቿ መሃል ቆመ።

አክስቴ አስም አለባት። ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ እሷ እቤቷ ሆና ታስላለች። ሐኪም ከጭስ ራቂ ስላላት ምግብ የሚበስለው ከቤቷ ራቅ ባለች ዳስ ውስጥ ነው፤ እሷ በሩቁ ቆማ ለምታግዛት ልጅ «ጨው ጨምሪ፣ እሳቱን ቀንሺ» እያለች በቃል ታበስላለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ አንዷ ናት፤ መስመሩን ትንፋሿ እስከፈቀደ ትዘምርና የቀረውን ለሌሎቹ ትተዋለች። ችካሉን ያየች ዕለት ወገቧን ይዛ አጠገቡ ቆማ፣

«እሱ ሲተከል እኔ ልነቀል ነው» አለች።

«ዲላ ልጅሽ ጋ መሄድ ትችያለሽ እኮ» አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ።

«ዲላ ሄጄ ዋናው መንገድ ዳር ተቀምጬ የባጃጅ ጭስ ልጠጣ? ይሄን ነው የተማርከው?»

ነገሩ ይህ ነበር እንግዲህ፤ ጣቢያው እዚያ ከቆመ አክስቴ ወይ ቤቷን ትለቃለች ወይ ትንፋሿን። እሷ ደግሞ ሁለቱንም ትፈልጋቸዋለች።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ተቃዋሚዎቹን የሚመሩት ጋሽ ጅግሶ ናቸው፤ ከሽማግሌዎቻችን ሁሉ ታላቁ፣ በጌዴኦኛ ብቻ ካልሆነ በቀር ቁም ነገር የማይናገሩ ሰው። አማርኛ ያውቃሉ፤ ግን አማርኛን የሚጠቀሙበት ለገበያና ለስድብ ነው። ደጋፊዎቹን የሚመሩት ደግሞ የቡና ማጠቢያው ባለቤት ጋሽ ሙስጠፋ ናቸው። ቤተሰባቸው ከላይ አገር ለንግድ የመጣ ነው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ ናቸው። ማጠቢያቸው ከአክስቴ ቤት ቁልቁል ሲወረድ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የቡና መፈልፈያቸው ስለሚቆም በጣቢያው ነገር አይደራደሩም። «ሳል ሰው ገድሎ አያውቅም፤ ሰው የሚገድለው ጨለማ ነው» ይላሉ። መብራት እንደሚያስፈልገንማ ማን ይክዳል። እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ልጆች የሚያጨበጭቡት ለደስታ ብቻ አይደለም፣ ቶሎ ተሸማቅቆ እንዳይመለስ ለማበረታታትም ነው።

ስብሰባው ሶንጎ ላይ ተጠራ። ሶንጎ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሣራም ቦታ ነው፤ እዚያ ታላቅ ሳይመርቅ ታናሽ አይናገርም። ከቤተ ክርስቲያኑ ረጅም ገመድ ተስቦ ድምፅ ማጉያ መጣ። ኢንጂነሩ አማርኛ፣ ሽማግሌዎቹ ጌዴኦኛ ስለሚናገሩ አስተርጓሚ ተፈለገ፤ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ኢንጂነሩ «አንተ ጎበዝ ትመስላለህ» አለኝ። ጋሽ ጅግሶ «የእኛ ልጅ ነህ» አሉኝ። ሁለቱንም እሺ አልኩ።

ማስተርጎም ቀላል ነው የሚል ሰው ሁለት የተቆጣ ሰው መሃል ቆሞ አያውቅም። ኢንጂነሩ፣ ሰው አክባሪ፣ ጫማው እኛ ጭቃ ላይ እንኳ የሚያብረቀርቅ ወጣት፣ «ጭሱ ተጣርቶ በረጅም ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይወጣል» አለ። ተረጎምኩ። ጋሽ ጅግሶ በጌዴኦኛ፣ «ወደ ላይ የወጣ ሁሉ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ከወጣ ሹም በቀር» አሉ። ሰዉ ሳቀ።

«ምን አሉ?» አለኝ ኢንጂነሩ።

«ስለ አየር ሁኔታ ትንሽ ጥያቄ አላቸው።»

አክስቴ ተነሳች። «ይሄ ጭስ ቀን ሲወጣ ውሎ ሌሊት የት ያድራል? እኛ ሸለቆ አይደል እንዴ የሚያድረው?»

ይህን በአማርኛ ስለጠየቀች ማለስለስ አልቻልኩም። ኢንጂነሩ «እሱ ላይ ጥናት ይደረጋል» አለ። እኔም ሽማግሌዎቹ ደስ እንዲላቸው ብዬ በጌዴኦኛ፣ «እሺ ብሏል» አልኳቸው። እንግዳውን ደስ እንዲለው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሲያጉረመርሙ፣ «እየተስማሙ ነው» አልኩት። ይህን እያልኩ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያውም ጭጭ አለ።

«አያችሁ?» አሉ ጋሽ ሙስጠፋ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

«አየን» አሉ ጋሽ ጅግሶ በአማርኛ፤ የስድብ ሰዓት ደርሶ ነበር ማለት ነው። «መብራት ሲጠፋ ያንተ ድምፅ ጠፋ። ጭስ ሲመጣ የእሷ ትንፋሽ ነው የሚጠፋው። የቱ ይሻላል?»

ስብሰባው እዚያ ላይ ተበተነና ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንጂነሩ ተጨማሪ ችካል ጭኖ መጣ፤ ሽማግሌዎቹም ያለውን ችካል ሊነቅል የመጣ መስሏቸው ምርቃት ይዘው ወጡ። ምርቃቱና ችካሉ መንገድ ላይ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች አብረው ወደ እኔ መጡ። ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጨነቀኝ። በዚያው ሳምንት በትምህርት ላይ አስተማሪያችን፣ ሰዎች ሲከራከሩ ማስረጃ ይፈተሻል እንጂ ድምፅ ከፍ አይደረግም ብሎን ነበር። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ሙከራ እናድርግ» አልኩ። «በርሜል ውስጥ ደረቅ ገለባ እናቃጥል፤ ጭሱን ሁላችንም በዓይናችን እንይ።» ኢንጂነሩ «ይሄ ከእኛ ቴክኖሎጂ ጋር አይገናኝም» አለ። ጋሽ ጅግሶ «ፈራ» አሉ። ይህችን ሳልተረጉም ፊቱ ላይ አነበባት፤ «እሺ ይደረግ» አለ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ከአክስቴ ቤትና ከጋሽ ሙስጠፋ ማጠቢያ መሃል ባለው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። የበርሜሉን ታች በስቼ፣ ከላይ ቆርቆሮ ጠቅልዬ ጭስ ማውጫ ሠርቼለት ነበር። አክስቴን ቤተ ክርስቲያን ቆዪ ብላት፣ «የእኔ ሳንባ እየተፈረደበት እኔ ልቅር?» ብላ መጣች። እኔም ጠንቃቃ ነኝና ጣቴን በምራቅ አርሼ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለካሁና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። የለካሁት በትክክል ነው። ነፋሱ ግን ቃሉን የሚጠብቅ አልነበረም።

የመጀመሪያው ጆንያ ደረቅ ገለባ ነበር። ግሩም ሆኖ ነደደ። ከጭስ ማውጫው የወጣችው ጭስ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሰው ያሳደጋት የምትመስል ነበረች። ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ጋሽ ሙስጠፋ በስልካቸው እየቀረጹ፣ «የታለ ታዲያ ጭሱ? እስቲ አሳዩኝ» ይላሉ። እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ አልነበርኩም፤ አክስቴም ዲላ ነበረች።

ግን በእኛ አገር የጋራ ሥራ ሲጠራ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ቤት ሲሠራ ሣር፣ ለቅሶ ሲሆን እንጨት ተይዞ ይመጣል። ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ ግልጽ ስላልነበረ ሰዉ ሁሉ ገለባ ይዞ መጣ። በጆንያ፣ በቅርጫት፣ በተቀዳደደ ጃንጥላ ሳይቀር። ይዞ የመጣን ሰው እጅ መመለስ ነውር ነው፤ ያንዱን ተቀብሎ የሌላውን መተው ደግሞ ጠብ ነው። እኔ ማንን አስቀይማለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ ጨመርኩ። አንዲት ሴትዮ ያመጡት ከዶሮ ቤት የተጠረገ ነበር፤ ጨመርኩ። በመጨረሻ ጋሽ ጅግሶ ከማጠቢያው ጉድጓድ የተዛቀ እርጥብ ልጣጭ አሸክመው መጡ።

«ጋሼ፣ ይሄ እርጥብ ነው» አልኳቸው በዝግታ።

«እዚህ አገር ዝናብ አይዘንብም እንዴ? ገለባቸው አይረጥብም? ይሄንንም ቅመሱ።»

ልክ ነበሩ። ጨመርኩት።

በርሜሉ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ ድምፅ አወጣ፤ እንደ ሳል ያለ። ቀጥሎ ጭስ ማውጫው ዘመመና ወደቀ፣ በየቀዳዳውም ወተትና ሰናፍጭ የተቀላቀለ የመሰለ ጭስ ይወጣ ጀመር። ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ያን ጊዜ አንዱ፣ ዛሬም እኔ ነበርኩ ብሎ የሚያምን የለም፣ «ሸፍኑት» አለ። እኛ ደግሞ ሸፍኑት ስንባል የምናውቀው ነገር አንድ ነው። ቆጮ የምንሸፍነው፣ ጉድጓድ የምንሸፍነው፣ ከዝናብ ራሳችንን የምንሸፍነው በእንሰት ቅጠል ነው። እናም ከየአቅጣጫው እርጥብ የእንሰት ቅጠል እየተቆረጠ በርሜሉ ላይ ተከመረ። እኔም ሁለት ትልልቅ ቅጠሎች ጨምሬያለሁ፤ ሁሉም ሲሸፍን ዝም ብዬ ላይ ነበር?

እርጥብ የእንሰት ቅጠል እሳት አያጠፋም፤ ያናድደዋል እንጂ። ያ የመጀመሪያው ጭስ ልጅ ነበር፤ አሁን አባቱ መጣ። ወፍሮ፣ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ፣ ነፋሱም ሐሳቡን ቀይሮ ከኋላ እየገፋው፣ መጀመሪያ በአክስቴ በርጩማ በኩል አለፈና ቁልቁል ወደ ማጠቢያው ወረደ። እዚያ የታጠበው ቡና በእንጨት ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ጭሱን ሲያዩ ቡናውን በላስቲክ፣ በሸራ፣ በጆንያ ይሸፍኑ ጀመር፤ አንዷማ ነጠላዋን አውልቃ ቡናው ላይ ጣለችና እሷ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ጋሽ ሙስጠፋ ስልካቸውን እንደያዙ፣ መቅረጹንም እንደረሱት፣ በአልጋዎቹ መሃል ይሮጣሉ።

እኔ የሮጥኩት ወደ አክስቴ ነው። በርጩማዋ ላይ ጎብጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። አታስልም። የምታስል ሰው እኮ ትንፋሽ አላት ማለት ነው። ከዚያ በፊት እሷን እንደዚያ ዝም ብላ አይቻት አላውቅም፤ የምሠራው ጠፋኝ። በአፏ የምትነፋው መድኃኒት ያለው ቤቷ ነው፤ ቤቷ ደግሞ ከጭሱ ወዲያ ማዶ ነው። በቅርብ ጭስ ያልገባበት ቦታ የጋሽ ሙስጠፋ የቡና መጋዘን ብቻ ነበር። ደግፌ ወሰድኳት። ዘበኛው በሩ ላይ ተገትሯል።

«ሰው አይገባም» አለኝ።

«ታማለች እኮ።»

«አያለሁ፤ እግዜር ይማራት። ግን ጭስ ጭስ ትሸታለች። ቡና ሽታ ይስባል፤ ጋሼ ይገድሉኛል።»

ጋሽ ጅግሶ ከኋላችን በከዘራቸው እየተመረኮዙ ደረሱ። «ወይ ቡናውን አስወጣና እሷን አስገባ፣ ወይ ሁለቱን አብረህ አኑር» አሉት። «ሌላ ምርጫ የለህም።» ዘበኛው ከዘራውን አየ፣ አክስቴን አየ፣ ከፈተ።

አክስቴን ጆንያ ላይ አስቀምጬ፣ ጋቢዬን ውኃ ነክሬ አፌ ላይ አስሬ ወደ ቤቷ ሮጥኩ። መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ ኢንጂነሩ አጠገቧ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ እንደ በሰለ ቡና ቀልቷል። እሷ መድኃኒቱን ሳበች፤ ትንሽ ቆይታ አንድ ጊዜ አሳለች። ሳል እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሱም አሳለ። እሷ ደገመች፣ እሱ ተቀበላት። የመዘምራን ልምምድ መሰለ።

«እማማ» አለ ኢንጂነሩ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ጣቢያው እንዲህ አይሆንም። እውነቴን ነው።»

«እሺ ልጄ» አለች አክስቴ። «አንተ ግን እንዲህ ሆነሃል።»

ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ እያሳለ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የሆነው ነገር ለሚመለከታቸው ሰዎች ተነገረ፤ ሰዎች ማሳላቸው፣ አክስቴ ትንፋሽ ማጣቷ ተዘርዝሮ ቀረበ። የመጣው መልስ «በጤና ጉዳይ ወደፊት ጥናት ይደረጋል» የሚል ነበር። ጋሽ ሙስጠፋም፣ «ያንን ያደረገው የእናንተ እርጥብ ልጣጭ ነው፤ ጣቢያው ምን አደረገ?» እያሉ በአቋማቸው ጸኑ። ችካሉም እንሰቶቹ መሃል ጸና። አክስቴ በብስጭት ፍየሏን አሰረችበት።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ሙስጠፋ ናቸው፤ ዲላ መጥተዋል።

«አሁኑኑ ና» አሉኝ።

ቡናቸውን ከመሸጡ በፊት ለጣዕም ባለሙያ ሊያስቀምሱ አምጥተው ነበር። ቀማሹ ከሲኒው በማንኪያ ስቦ፣ አፉ ውስጥ አንገላቶ ተፋው። ደገመና ተፋው። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ጭስ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ጋሽ ሙስጠፋ መንገድ ዳር ቆመው ይህን ሲነግሩኝ ሐዘን የደረሰባቸው ይመስሉ ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ» አልኩ።

«አንድ ቀን ነው የጨሰው» አሉ፣ እኔን ሳይሰሙ። «አንድ ረፋድ። ያ ማሽን በየቀኑ ነው የሚጨሰው። አጣርቶም ቢሆን ይጨሳል አይደል? ንገረኝ እስቲ፣ ተምረህ የለ?»

«ገና ነኝ» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅም ያልኩት ያን ዕለት ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ድምፅ ማጉያውን ከሁሉ ቀድመው የያዙት ጋሽ ሙስጠፋ ናቸው። «ቡናው ታሟል» አሉ። እመኑኝ፣ የአክስቴን ሳል ወሩን ሙሉ ቁጭ ብለው የሰሙት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። መቼ ጀመረው፣ ስንቱን አልጋ ይዞታል፣ ወደ ሌሎቹ ማጠቢያዎች ይዛመታል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ትኩሳት አለው ወይ ለማለት ምንም አልቀራቸውም። ከይርጋጨፌ የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ተነስተው ተናገሩ። እነዚያ የሚመለከታቸው ሰዎችም መጥተው ነበርና፣ ጣቢያው እዚህ እንዳይሠራ በዚያው ስብሰባ ተወሰነ። አክስቴ መጨረሻ ላይ እጇን አወጣች።

«እኔ ሳስል ጥናት ተባለ። ቡናው ሲያስል ውሳኔ ተሰጠ» አለች። «ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ። ወደፊት ሐኪም ቤት ስሄድ ስሜን ሲጠይቁኝ ቡና ነው የምላቸው።»

ጋሽ ሙስጠፋ አንገታቸውን ደፉ። በዚያው ሳምንት ለዘበኛቸው፣ ወይዘሮ አስቴር በመጣች ጊዜ መጋዘኑ ክፍት ነው ብለው ነገሩት። እኔም ጭስ የነካውን ቡና ከደህናው እየለየሁ ቅዳሜዎቼን አልጋዎቹ ሥር አሳለፍኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ጋሽ ሙስጠፋ ብቻ በስልክ «ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሺ ባይ ነኝ።

ኢንጂነሩ ሊሰናበት ሶንጎ ላይ መጣ። ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉ፣ ቡና የሌለበት ሜዳ እንደሚሆን ተናገረ። ጋሽ ጅግሶ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቁትና ወደ እኔ ዞሩ። ማለስለሻ ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ቡና የለም ብለሃል። ሳንባ ያለው ሰውስ አለ ወይ? ነው የሚሉት» አልኩት።

ኢንጂነሩ ጫማውን አየ። አሁን ጭቃ ነክቶታል። «ሳልጠይቅ አላልፍም» አለ።

«እጠይቃለሁ ነው ያለው» አልኳቸው ለሽማግሌዎቹ፣ «እሺ አላለም።» ጋሽ ጅግሶ ከዘራቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ «አሁን መማር ጀመርክ» አሉኝ።

መብራታችን አሁንም ይጠፋል፤ ልጆችም ሲመጣ ያጨበጭባሉ። የቀረው ያ ችካል ብቻ ነበር። ኢንጂነሩ ሊነቅለው ከአክስቴ ጓሮ ገባ፤ እኔም አገዝኩት። ቢወዘወዝ፣ ቢገፋ፣ አልነቃነቅ አለ። አክስቴ እየሳቀች ሦስተኛ ሆና ያዘችና አብረን ጎተትን፤ ሲወጣ ሦስታችንም በጀርባችን ወደቅን፣ ፍየሏም ገመዷንና ችካሉን እየጎተተች በእንሰቱ መሃል ሄደች። አክስቴ ተነስታ፣ አንድም ጊዜ ሳታስል፣ እየጮኸች እስከ መንገዱ ድረስ አባረረቻት። ቀኑ ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።